ጅግራዋ ሳትሞት መድረስ

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬም በክት። ሦስተኛ ቅዳሜያችን ነው። አባዬ ተኮሰ፣ ጅግራዋ ወደቀች፣ ስንደርስ ሞታለች። ሰንጢው ከኪሱ ሳይወጣ ተመለሰ። ነፍሷ ሳትወጣ በስመ አብ ብለን ካልባረክናት እኛ ቤት አትበላም። አብሮን የሚወጣው ሀሩንም ቢስሚላህ ብሎ ካላረዳት አይነካትም። ያቺን የመሰለች የሰባች ጅግራ ማሽላው ውስጥ ትተናት መጣን። ለቀበሮ።

ደብተሬ፣ አንተ የተገዛኸው ለኬሚስትሪ ስለሆነ ይህን አታውቅም። አምና እንዲህ አልነበረም። አምና ስንወጣ አባዬ ከነጠመንጃው፣ እኔ ከነጆንያዬ፣ ከፊት ደግሞ ወንድሜ ሙሌና ጓደኛው ሀሩን ነበሩ። ሀሩን ከአጠገባችን ካለው የበርታ መንደር ነው፣ አማርኛን የተማረው ከእኛ ነው። ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ። ቀድሞ የደረሰ ያርዳል፣ ያረደ ይወስዳል። ሙሌ ከደረሰ የክርስቲያን ሥጋ ናት፣ የእኛ። ሀሩን ከደረሰ የእስላም ናት፣ የእነሱ። ሕጉን ያወጡት እነሱው ናቸው። ብዙ ጊዜ ሙሌ ይቀድማል። ይቀድም ነበር።

ሐምሌ ላይ ወባ ወሰደው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

አባዬ ጠመንጃው ተበላሽቷል ይላል። ሁለቱም አፈሙዞቹ ተበልተው የጥይቱን የእርሳስ ፍሬዎች አንድ ላይ ይተፋሉ፣ ለዚህ ነው ወዲያው የሚገድለው። ኅዳር 15 ጾም ይገባል። እስከዚያ አንዲት ጅግራ በሕይወት ካልያዝን ጠመንጃውን ባምባሲ ላለው አጎቴ ይሰጠዋል። አጎቴ ደስ ብሎታል። ይበለው።

ጠመንጃው ከሄደ ቅዳሜም ይሄዳል። በሌላው ቀን ት/ቤት አለ፣ ውኃ መቅዳት አለ፣ ቤት ውስጥ ዝምታ አለ። ቅዳሜ ግን ሙሌ የሄደበትን መንገድ እሄዳለሁ። አልሰጥም።

ማታ ለአባዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ጅግራ ላይ ከምንሞክር ካርቶን ላይ እንሞክር። የቀኙን አፈሙዝ ለብቻ፣ የግራውን ለብቻ፣ ጥይቱንም በየዓይነቱ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እምቢ አለኝ ብዬ ልተኛ ስል፣ ካርቶን ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ትከሻዬ እስኪላጥ ካርቶን ተሸክሜ ዋልኩ። ደስ ብሎኛል!

ካርቶኑን ሀሩን ነው ያመጣው፣ ከአጎቱ ሱቅ፣ የፓስታና የሳሙና። ከቤታችን ጀርባ፣ ድሮ ጠጠር የተቆፈረበት ጉድጓድ ሄድን፤ ከኋላው የአፈር ግድግዳ ስለሆነ ሰው የለም፣ ከብት የለም። ሀሩን በከሰል ጅግራ ልሣል አለ። ሣለ። አባዬ ራቅ ብሎ አየው፣ ቀረብ ብሎ አየው።

«ሀሩኔ፣ ይቺን እንተኩስባት ወይስ እንለባት?»

«አባባ፣ ወላሂ ጅግራ ነው! እግሩ ሁለት ነው፣ ቁጠር!»

አባዬ ሳቀ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ደብተሬ፣ አስምርልኝ።

ውጤቱ እንዲህ ነው። የግራው አፈሙዝ ጫፉ ላይ ጠበብ ስለሚል እርሳሱን ሰብስቦ ይልካል። ለጉድጓዱ ቅርብ ከሆነው ማንጎ ዛፍ ሥር ሆኖ ሲተኩስ የሀሩን ጅግራ ደረቷ ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣ። ራቅ ብሎ ካለው የምስጥ ኩይሳ ጋ ሲሆን ደህና ነው። የቀኙ አይጠብም፤ ይበትናል። ከኩይሳው ሲተኮስ በፍሬዎቹ መሃል ሙሉ ጅግራ ያለ ጭረት ታልፋለች። ከማንጎው ግን እንደተዘራ ጤፍ እኩል አረፈ፦ ክንፍ ላይ፣ እግር ላይ፣ ገላ ላይ ጥቂት። ወፍራሙ እርሳስ ክፍተት ይተዋል፣ በጣም ደቃቁ ላባ ላይ ይቀራል ይላል አባዬ። መካከለኛው ይሻላል። ስለዚህ የቀኙ አፈሙዝ፣ መካከለኛ እርሳስ፣ ከማንጎው ርቀት።

አባዬ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ጠመንጃው ጤነኛ ነው አለ፣ አምናም እንደዚሁ ነበር የሚተኩሰው። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። ታዲያ ምን ሆነን ነው? ይህን አፍ አውጥቶ አላለም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ ማታ

በክት።

ሁሉም እንደ ካርቶኑ ነበር። የቀኙ አፈሙዝ፣ መካከለኛው እርሳስ፣ ርቀቱ ልክ። ጅግራዋ ክንፏን ተመትታ ወደቀች፣ ትፈራገጣለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሀሩንን አየሁት። ቆሟል። አባዬ በዝግታ ይራመዳል፣ እኔ ከኋላው። እየተጎተተች ቀርከሃው ውስጥ ገባች። ስናገኛት ገላዋ ይሞቃል፣ ነፍስ የላትም።

አባዬ እዚያው ተቀመጠ። በቃ አለ። ማታ ለአጎቴ ደወለለት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ መጥቶ ይወስዳል።

ሀሩንን እግርህ ተሰበረ ወይ አልኩት። ክፉ አነጋገር ነበር። ወደ መንደሩ ብቻውን ታጠፈ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ከት/ቤት በቀጥታ አሶሳ ገበያ፣ ሀሩን አጎቱን ወደሚያግዝበት ሱቅ። ስኳር እየመዘነ ነው። ለምን ቆምክ አልኩት። መመዘኑን ተወ።

«አባትህ ድሮ ‹ሙሌ!› ይላል። እኛ ይሮጣል። አሁን ዝም ይላል። ዝም ሲል እኔ እንዴት ይሮጣል?»

ደብተሬ፣ ቆይ፣ በሥርዓት ልጻፈው።

አባዬ ሕግ አለው። ተኩሶ ጠመንጃውን ከፍቶ ቀለሁን ሳያወጣ ማንም ከፊቱ አያልፍም። ካወጣ በኋላ ይጣራል። ያኔ ነው የሚሮጠው። የሚጣራው ደግሞ «ሙሌ!» ብሎ ነበር። ሀሩንም የሚነሳው በሙሌ ስም ነበር። አምና በየቅዳሜው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዘንድሮ አለመኖሩን አላስተዋልኩም። አባዬ ከሐምሌ ወዲህ ያንን ስም አልጠራም። ቤትም አይጠራም።

ጅግራዎቹ አምናም በቶሎ ይሞቱ ነበር፣ አለኝ ሀሩን። ሙሌ ነው በቶሎ የሚደርሰው።

ካርቶን ስንበሳ ሰነበትን።

ኅዳር 12፣ ዓርብ ማታ

ነገርኩት። አባዬ ጠመንጃውን ዘይት ይቀባ ነበር፣ ለአጎቴ ንጹሕ አድርጎ ሊሰጥ። ሀሩን ያለውን አንድም ሳልቀንስ ነገርኩት። እጁ ቆመ። እማዬ ሰምታለች ወይ አለ። አልሰማችም አልኩት። ተኛ አለኝ።

ነገ የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ይወጣ አይወጣ አላውቅም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ ማታ

ወጣ!

እየቸኮልኩ ነው፣ ጽሑፌን ይቅር በለኝ። የታጨደው ማሽላ ዳር ሦስታችን። ጅግራዎቹ ቃርሚያ እየለቀሙ። ጆንያውን ጥዬ ከሀሩን ጎን ቆምኩ። አባዬ ተኮሰ፣ በቀኙ። አንዷ ወደቀች። ጠመንጃውን ሲከፍት ሰማሁ። ቀለሁ ወደቀ። ከዚያ ዝም። ዝም። ሀሩን ወደፊት ብቻ ያያል። እኔ ወደ ኋላ ለመዞር ፈራሁ።

«ሙሌ!»

ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ፣ ግን ወጣ። ሮጥን። ሀሩን ከጎኔ ብን አለ። እኔ የማሽላው ጉቶ ጠልፎኝ በጉልበቴ ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ሮጥኩ። ስደርስ ሀሩን ክንፏን ይዟታል፣ አንገቷን ታወዛውዛለች፣ ሕያው ናት! ቢስሚላህ ብሎ አረዳት።

«ኤሊ!» አለኝ። «ሙሌ ቢሆን አሁን ወጡን በልቷል!»

እየሳቀ ነው፣ ዓይኑ ግን ሞልቷል። እኔም እንደዚያው።

ጅግራዋን ሀሩን ወሰዳት። ሕጉ ሕግ ነው። እኛ ባዶ ጆንያ ይዘን ገባን። እማዬ የታለች አለች። አባዬ ድሮ በሙሌ ላይ በሚያጉረመርምበት ድምፅ፣ ልጅሽ ተቀደመ፣ ምን ላድርግ አላት። እማዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ የተላጠ ጉልበቴን አየች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ለአጎቴ ተደወለ። ጠመንጃው ሥራ ላይ ነው ተባለ።

ኅዳር 14፣ እሁድ ጠዋት

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰናል። ነገ ጾም ነው፣ እስከ ገና አደን የለም። ወስኛለሁ፦ በየጠዋቱ ከማንጎው እስከ ኩይሳው ደርሼ እመለሳለሁ። ሀሩን እንዳይሰማ። የሙሌን ሸራ ጫማ ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ይሰፋኛል፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጨመርኩበት። አባዬ ሳስር አየኝ፣ በሩን ገፍቶ ወጣ።

አሁን በመስኮት ይታየኛል። ኩይሳው ጋ ሄዶ ቆሟል። እጁን ወደ አፉ አደረገ፣ ሊጣራ ነው፣ ልሂድ