በእንዶድ የታጠበው ሬዲዮ

ወረታ፣ ኅዳር 9 ቀን

ከክረምት ጀምሮ መንገዱን የዘጋው የጎርፍ ውሃ ጎደለና ዛሬ ከይፋግ በታች እማማ ጥሩዬ ቤት ደረስኩ። የሟች ባላቸውን ሬዲዮ ሊሰጡኝ ቃል ገብተው ነበር። ሰኔ ላይ ከፍቼ ሳየው ክዳኑ ውስጥ የሽቦው ንድፍና የነዳፊው ስም ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ፎቶ አላነሳሁም፤ ስሙንም አልያዝኩትም። ከሰበሰብኳቸው የዚሁ ዓይነት ሬዲዮዎች አንዱም ወረቀቱ የለውም። ማን እንደነደፋቸው የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነበር።

እማማ በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ።

«ጭስ ጭስ እያለ እንዴት ለሰው ይሰጣል ብዬ ውስጡን በእንዶድ አጠብኩልህ። ያቺን ያደፈች ወረቀትም ፈቅፍቄ ጣልኳት። ደስ አለህ ልጄ?»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሳነሳው ከውስጡ ውሃ ይንጠባጠባል። እንዲህ የጸዳ ሬዲዮ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።