የዘይነባ ሳሙና

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

እንዶዱን ዛሬም በደንብ አልወቀጥኩትም። አረፋው ቶሎ ሞተ። የሲሳይ ሸሚዝ አንገቱ ላይ እንዳደፈ ነው። ደግሜ አሸሁት። ያው ነው። ይሁን፣ ባል ነው፣ አይታዘበኝም።

ደብተሬ፣ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ከቤት የወጣውን ልንገርህ። የዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ፣ የፀጉር ቅባት፣ ሶፍት፣ ያ ሽታው ደስ የሚለኝ የወለል መወልወያ። አሁን ዕቃ በአመድ ነው። ጥርስ በመፋቂያ። ልብስ በእንዶድ፣ ነጭ ነጩ ደግሞ በፀሐይ፤ በፀሐይ ከተማችን ቆቦ አይታማም። ለገላ አንድ ደረቅ ሳሙና፣ በክር ለሦስት ቆርጬ።

የሲሳይ ባጃጅ ቤንዚን ካጣ ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ያለው የኔ የመምህርነት ደመወዝ ነው። ስለ ገንዘብ እዚህ አልጽፍም ብያለሁ። አልጽፍም።

ኑሮው ራሱ አልከበደኝም። እውነቴን ነው። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ቤቱ ሰፋ። የሚከብደኝ መታወቁ ነው። ት/ቤት ስገባ ነጠላዬን ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የምለብሰው፤ በእንዶድ ያልለቀቀው ቢጫ እንዳይታይብኝ። የአርባ ዓመት ሴት፣ የሰው ልጅ የማስተምር።

ደወል ሊደወል ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሙቀት። ነፋሱ ከማሽላው ማሳ በኩል አቧራ ብቻ ነው የሚያመጣው። የሰጣሁት ልብስ እንደገና ሊታጠብ ነው።

ዛሬ ሌላ ነገር አወጣሁ። የሜሮንን ሞዴስ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል። አሮጌ አንሶላ ቀድጄ፣ አራት እጥፍ አድርጌ፣ ዳር ዳሩን ሰፋሁላት። እኛ ያደግነው በዚህ ነው አልኳት። ጥሩ አድርጌ ነው የሰፋሁት፣ በዚህ አልታማም። ተቀበለችኝ። እሺ እማዬ አለች። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ለራሴ ግን ዛሬውኑ አንድ ጥቅል ቡና ገዛሁ። ለእንግዳ ብዬ። ይህንን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፤ ረፋድ

ደብተሬ፣ ዛሬ የሠራሁትን ስማ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የውሃ ቦኖ ወረፋ ያዝን። ሰባት ስምንት ሴት እንሆናለን። ጀሪካኔን ሳነሣ ይርጋለም እጄን አየችው። ወ/ሮ ይርጋለም አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ያየችውን ግን አታልፍም። ጣቶቼ በአመዱ ተሰነጣጥቀዋል፣ መዳፌ ቀልቷል። ምነው፣ ምን ሆንሽ፣ አለችኝ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

አመድ ነው ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። አፌ ግን፣

«ሳሙና ነው» አለ። «ዘይነባ ለሱቋ ያመጣችው። የተበላሸ መሰለኝ፣ ከገዛሁት ወዲህ እጄን አቃጠለኝ።»

«ኧረ በማርያም!» አለች ይርጋለም። «እኔም ትላንት ወስጃለሁኮ!»

እንግዲህ ተናገርኩት። ውሃው ጀሪካኑን ሞልቶ ፈሰሰ። ይዤው ሄድኩ።

ዘይነባ ማን እንደሆነች ልጻፍ፣ እንዳልረሳ። ከአስፋልቱ ማዶ ፊት ለፊታችን ያለችው ባለ ሱቅ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሜሮንን የወለድኩ ጊዜ እናቴ መምጣት አቅቷት፣ የአራስ ልብሴን በእጇ ያጠበችው እሷ ናት። ያ ክፉ ጊዜ መጥቶ ከተማው ሲሸሽ የቤታችንን ቁልፍ የሰጠነው ለሷ ነው። ስንመለስ አንድ ብርጭቆ አልጎደለም።

ከሳሙናዋ የገዛሁት ከወር በፊት ነው። ምንም አላደረገኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፤ ከቀኑ 7 ሰዓት

ከት/ቤት ስመለስ በኋላ በር ዞርኩ። በሱቋ በኩል አላልፍም። ትላንት አይታኝ ነበር፤ «እቴነሽ! አንቺየ፣ ጠፋሽሳ!» ብላ ተጣራች። ከባድ መኪና እያለፈ ነበር፣ ያልሰማሁ መሰልኩ። ሰምቻለሁ።

ሲሳይ ምን ሆነሻል አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት። ውሸት ደግሞ ይቀለኛል ለካ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፤ የእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል

ፈጥኜ ነው የምጽፈው። አንድ የሒሳብ መ/ር ሻይ እየጠጣ ሲያወራ ሰማሁ። ከአስፋልቱ ማዶ ካለች ሴትዮ ሱቅ የተገዛ ሳሙና የሕፃን ቆዳ ላጠ አሉ፣ ይላል። የማን ሕፃን? አያውቅም። አሉ ነው። ሌላዋ ደግሞ ጨመረችበት፤ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ በርካሽ እየሰበሰበች ነው የምታመጣው አለች።

ሁሉም አላህንም ማርያምንም ጠርተው አዘኑ። እኔም አዘንኩ። እኔ ሕፃን አላልኩም። እኔ ያልኩት እጄን ነው። እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ደወለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት

ሜሮን ሆዴን አመመኝ ብላ ሁለት ቀን ቀርታ ነበር። ዛሬ ሄደች። ደህና።

አሁን ያየሁትን ግን አልችለውም። ከመስኮቴ ይታየኛል። ዘይነባ ሱቋ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታለች። ፊቷ ሳፋ። ከመደርደሪያዋ አንድ ሳሙና አንሥታ፣ ወረቀቱን ቀድዳ፣ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች። የምትታጠበው አላፊ አግዳሚ እንዲያይ ነው። ሰው ሲያልፍ እጇን ታነሣለች፣ ታገላብጣለች። «ይኸው፣ እዩኝ» ትላለች። አንዳንዱ ይስቃል። አንዷ ልጇን በሌላው ጎን አድርጋ አለፈች።

ከጠዋት ጀምራ ነው አሉ። ውሃውን ደፍታ እንደገና ትቀዳለች። ቀይ ሻርፗ ከትከሻዋ ወርዷል፣ አላስተካከለችውም።

መጋረጃውን ዘጋሁ። ከዚያ ከፈትኩት። ማየት ይገባኛል ብዬ። ይህንንም እንደ ጽድቅ ቆጠርኩት፤ መስኮት ላይ መቆምን።

እሑድ፣ ጥቅምት 30፤ ረፋድ 4 ሰዓት

የሜሮንን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ላወጣ ሳነሣው አንድ እሽግ ሞዴስ ወደቀ። አዲስ። ከላዩ ተከፍቷል።

ማን ሰጣት? ለምን? የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ክንዷን ይዤ ጓዳ አስገባኋት። ማነው የሰጠሽ? ምን ብሎ? ጮኽኩባት። አሁን ሳስበው ፍርሃቴ ብቻ አልነበረም፤ ከቤቴ የጎደለውን ሌላ ሰው አወቀ የሚለውም ነበረበት።

«እትዬ ዘይነባ ናቸው» አለች።

ቁጭ አልኩ።

ነገረችኝ፣ እያለቀሰች። ጨርቁ ክፍል ውስጥ አልያዘላትም። ቀሚሷ ላይ ታየ። ልጆቹ ሳቁ። ሁለት ቀን የቀረችው ሆዷን አሟት አይደለም። ሐሙስ ጠዋት ወደ ት/ቤት ስትወጣ ሱቅ ገብታ፣ አንድ አንዱን ይሸጣሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ዘይነባ በር ላይ ሳፋዋን ይዛ ነበር። እጇን ጠርጋ ተነሣች። እሽጉን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻት። ለእናትሽ አትንገሪ፣ ይከብዳታል፣ ብላ።

ይከብዳታል።

በዚያ ሳፋ እጇን የምታጥበው በማን ምክንያት ነው? ያውም ለኔ ልጅ ተነሣችላት።

ሜሮንን ይቅርታ ጠየቅኳት። ጨርቁ ለቤት ይሆናል፣ ለት/ቤት ግን ሌላ ነገር ይቀራል እንጂ ይሄ አይቀርም አልኳት። ቡናው ይቀራል፣ እሱማ ከመጀመሪያውም መቅረት ነበረበት። ቆጥቤ መኖሬ አያሳፍረኝም አሁን። ከማን ላይ እንደቆጠብኩ ነው የሚያሳፍረኝ። ስለ ቦኖው ግን አልነገርኳትም። አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1፤ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ያ ነው ከሁሉ የባሰው። ነይ ግቢ፣ ልጅቱ ደህና ናት፣ ሲሳይስ፣ አለች። ቆሜ ነው የነገርኳት። ብቀመጥ እንደማልጨርሰው አውቄያለሁ። እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። አመድ ነው አልኳት። ሳሙና መግዛት ካቆምን ከወር በላይ ሆነን። አፍሬ ነው። ቦኖ ላይ ስምሽን የጠራሁት እኔ ነኝ።

እጄን አየችው።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ካንቺ እንደወጣ። ይርጋለም ሱቄ ድረስ መጥታ ሳሙናዋን መልሳልኛለች፣ ቲቸር እቴነሽ ናት ያለችው ብላ። የዚያኑ ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን ለልጄ...»

«ልጅሽ ምን አደረገችኝ?» አለች። «እኔ ምን አጠፋሁ እያልኩ ነው የከረምኩት። ቁልፍሽን ያስቀመጥኩልሽ ሰው፣ ምን በድያት ነው እያልኩ። ወላሂ፣ አጣሁ ብትዪኝ ኖሮ...» አልጨረሰችውም።

ይቅር በይኝ፣ አውፍ በይኝ አልኳት። ጉልበቷን ልይዝ ስል ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ።

«አውፍ ብያለሁ። ለአላህ ብዬ። ግን እቴነሽ፣ ለኔማ ነገርሽኝ። እኔ ሳሙናዬን አውቀዋለሁ።»

ደንበኛ ገባ፤ ክብሪት ብቻ ገዝቶ ወጣ። የሳሙናውን መደርደሪያ እንዳያይ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ።

ምን እንደጠየቀችኝ ገብቶኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ጠዋት

ጀሪካኑን ይዤ ወጣሁ። ቦኖው ጋ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ሦስት ብቻ ናቸው፣ ነገ ይሻላል አልኩ። ተመለስኩ። ፈሪ። ሌላ ምንም የምጽፈው የለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፤ ጠዋት 2 ሰዓት

ትላንት ከሰዓት በኋላ ለሲሳይ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ፣ እኔ ባጃጁን ባላቆም ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ አለ። ኧረ በናትህ፣ ይቺን እንኳ አትውሰድብኝ አልኩት። የኔ ናት።

ለሜሮንም ነገርኳት። እትዬ ዘይነባ ያውቃሉ? አለችኝ። አዎ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። እስከ እራት አልወጣችም።

ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ቦኖው ሞልቶ ነበር። ይርጋለም ፊት ላይ ናት። ወረፋዬን አልያዝኩም። ጀሪካኑን አስቀምጬ መሀላቸው ቆምኩ። የመምህር ድምፅ ይኖረኛል ብዬ ነበር፤ የወጣው ሌላ ነው። እጄን ያቆሰለው አመድ ነው አልኩ። ቤታችን ስላጠረን ዕቃ በአመድ፣ ልብስ በእንዶድ ነው የማጥበው። ይህንን ማለት አፍሬ ዘይነባን ዋሸሁባት። ሳሙናዋ ምንም የለውም። የተላጠ ሕፃንም የለም። ከኔ አፍ ነው የተነሣው።

አንዷ አሮጊት እኔም በአመድ ነው የማጥበው፣ ምን ያሳፍራል ልጄ፣ አሉ። እንዲህ ሲሉኝ ይበልጥ አፈርኩ።

ይርጋለም ግን ተቆጣች። እውነቷን ነው።

«እኔን ውሸታም አደረግሽኝ! በኔ አፍ አስወራሽኝ! ሮቢት ከተማ፣ እህቴ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ አውርቻለሁ። ከዋጃ የሚመጡት ሾፌሮች ሳይቀሩ። አሁን እሱን ማን ይሰበስበዋል?»

ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። ትንሽ ሄዳ ዞር አለች። ዘይነባ ሱቅ ገባች። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ስትወጣ እጇ ላይ ምንም አልያዘችም።

ሁሉም አልተመለሰም። ቀድሞ ልጇን በሌላ ጎን ያሳለፈችው ሴት ዛሬም በዚያው በኩል ነው ያለፈችው። አላወቀችም፣ ወይም አላመነችኝም።

በዚያው ቀን፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

መምህራን ክፍልም ተናገርኩ። የሒሳቡ መ/ር ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ነጠላዬን ሳላጥፍ ነው የገባሁት።

ከት/ቤት ስወጣ ይርጋለም ቤት አንኳኳሁ። የእህቷን ሻይ ቤት ጠየቅኳት። ከመነኸሪያው ሁለተኛው፣ ሰማያዊ በር፣ አለች ሳታየኝ። ቅዳሜ ረፋድ ይሞላል አለች። አብራኝ እንድትመጣ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ቅዳሜ ሮቢት እሄዳለሁ። ወስኛለሁ። ማንም የማያውቀኝ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ራሴ መናገር ከቦኖው ይቀላል ወይስ ይከብዳል፣ አላውቅም። ሾፌሮቹን ሁሉ አላገኛቸውም። ያገኘሁትን።

ሜሮን አሁን መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ልከተልሽ ትለኛለች። አይሆንም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እሺ አልኳት። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው፣ እኔው ስናገር እዚያው ቁጭ ብላ ብትሰማኝ ይሻላል።