የረድኤትን ሳጥን የሞላሁት እኔ ነኝ

ለውድ እህቴ ለኤልፍነሽ፣

ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ። ዛሬም መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ፣ የተማሪዎቹን ማደሪያ በየማለዳው አጸዳለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ያለ ጸሐፊ እጽፋለሁ፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ። ለመሆኑ አንቺ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ባለቤትሽን መርሻን ያ ሳል ለቀቀው ወይ? ልጅሽ ቤዚስ ከነልጆቿ ደኅና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። ባለቤቴ ኪዳነምሕረት ካረፈች ወዲህ ብቸኝነቱን ለመድኩት ብልሽ ግን ውሸት ነው።

በፋሲካ ስደውልልሽ የልጅ ልጄ የረድኤት ጥናት ሰመረ፣ አስተማሪዋ ጉድ አለ ብዬሽ ነበር። አንቺም ለሰፈሩ አዳርሰሻል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በስልክ ያልነገርኩሽ መሀል ላይ ታቋርጪኛለሽ ብዬ ነው።

ረድኤት የምትማረው እኔ በማጸዳበት ዩኒቨርሲቲ ነው። የተበላሸ ስልክ፣ ቻርጀር፣ ላፕቶፕ ከቆሻሻ ጋር ሲጣል መርዙ አፈርና ውኃ ውስጥ ይገባል አሉ። ታዲያ ተማሪው ይህን ዕቃ ለይቶ እንዲያመጣ የሚገፋፋው ጥቅም ነው ወይስ ኅሊና? ይህን ልወቅ ብላ ሁለት ሳጥን አስቀመጠች። በአንዱ ላይ ላመጣ ሰው የፒዛ ትኬት ይሰጣል ብላ ጻፈች። በሌላው ላይ ስለ አፈሩና ስለ ውኃው ብቻ። የፒዛው ሞልቶ ፈሰሰ። ያኛው እኔ የማጸዳው ፎቅ ላይ ነበርና አየው ነበር፤ ወር ሙሉ ከጥቂት ዕቃ በቀር አፉን ከፍቶ ባዶውን ቆመ።

የእኔ ልጅ ደግሳ ሰው የቀረባት መሰለኝ፤ ሆዴ አልቻለም። እዚህ ላስ ቬጋስ ያለነው ያገራችን ሰዎች የመሠረትነው እድር ዳኛ አይደለሁ? በወሩ ስብሰባ ላይ የሞተ ስልክ ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ፣ ያላመጣ ይቀጣል አልኩ። ግዛው፣ «ጋሼ ተረፈ፣ ለስልክም ልቅሶ ልንቀመጥ ነው?» ብሎ ሰዉን ቢያስቅም አመጡ። የሺዋስማ የሞተ ቢያጣ ቅጣቱን ፈርቶ የሚሠራውን አመጣ። ኀምሳ ሦስት ስልክ በከረጢት ተሸክሜ ማንም ሳያየኝ ሳጥኗ ውስጥ ገለበጥኩት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ረድኤት ተማሪው ያለ ጉርሻም ለምድሩ ያስባል ብላ ጻፈች። ይህንኑ የዕድሜ ልክ ሥራዬ አደርገዋለሁ አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትሄድ መሬት አትነካም ነበር። ከዚያ ከጓደኛዋ ከኢክራም ጋር ስልኮቹን ሲለዩ የየሺዋስ ስልክ በራ። ሲያዩት የእድራችን ፎቶ ነው፤ መሀል ላይ እኔ ቆሜያለሁ።

ቤት መጥታ አልጮኸችም። «አባባ፣ እኔ እኮ አምኜ ነበር» አለችኝ።

የእኛን አውጥታ ስትቆጥር አራት ቀረ። በየክፍሉ እያንኳኳች የአራቱን ባለቤቶች አገኘቻቸው። ሁለቱ የቆሻሻ መጣያ መስሏቸው ነው የጣሉት። አንዱ ክፍል ሲለቅ ሳጥኑን መንገዱ ላይ አገኘው። አራተኛዋ ራሷ ኢክራም ናት፤ ጓደኛዬ እንዳታፍር ብላ። ለምድሩ ብሎ የመጣ አንድ ሰው የለም። የፒዛውም ሳጥን ትኬቱ ባለቀ ማግሥት ነጠፈ።

አሁን ያንን የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ትታ ሌላ ልትመዘገብ ነው። ተይ ብላት፣ ቆጥሬ አይቼዋለሁ አለችኝ። ለቆጠረ ሰው ምን ይባላል? እኛ አገር የተበላሸ ራዲዮ ይጠገናል እንጂ አይጣልም ብዬ ላጽናናት ፈልጌ ነበር። ተውኩት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መምጣቷን አልተወችም፤ ሰላም ትለኝና ቡናዋን ጠጥታ ትሄዳለች።

መርሻን ሳሉን በቀላል እንዳያየው ንገሪልኝ። ቤዚን ጉንጯን፣ ልጆቿን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን አወልንም ከነቤተሰቡ ሰላም በይልኝ፤ ስለ ረድኤት ግን አንቺ እንዳትነግሪልኝ። ዕዳው የእኔ ነው። አወልንም ሰፈሩንም ራሴ ደውዬ ያስወራሁት ሐሰት ነበር እላቸዋለሁ። አስተማሪዋ ዘንድ ኮቴን ለብሼ እሄዳለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ባይበቃም ጥፋትን ማመን ብዙ ቃል አይፈልግም። እድሩ ፊት ቆሜ ባወጣሁት ቅጣት ራሴን እቀጣና ዳኝነቱን አስረክባለሁ። የየሺዋስን ስልክ በእጄ እመልስለታለሁ። የረድኤት ይቀራል። እሱ በምን እንደሚከፈል አላውቅም። ቢሆንም ማንም እንዳይከፍልልኝ።

ወንድምሽ ተረፈ
ፓራዳይዝ፣ ላስ ቬጋስ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.