ስለ አንዲት ቀይ እርማትና ስለ አንዲት ፊርማ

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ የተሟላ እንዲሆን ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። በተለይ ዓይንዎ ደህና እንዲሆንልኝ እመኛለሁ፤ ብዙም ስለማያሠሩት ለረጅም ዘመን እንደሚያገለግልዎ አልጠራጠርም። ወገብዎም፣ ለሁለት ሰው የሚበቃው የቆዳ ወንበርዎም፣ በየጠዋቱ የሚወለወለው የቢሮዎ መስተዋትም ሰላም ይሁኑልኝ። እኛ ምድር ቤት ያለነው ሠራተኞችዎ ከቀለሙ ሽታና ከማሽኑ ጩኸት በቀር ደህና ነን።

እኔ ገጽ አቀናባሪዎ ነኝ። ደንበኛ ያመጣውን ጽሑፍ በኮምፒውተር እየተየብኩ ገጽ በገጽ ሳሰናዳ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ደረጃው ላይ ስንገናኝም ስሜ ስለሚጠፋብዎ «አንተ የኮምፒውተሩ» እያሉ ይጠሩኛል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ከድፍረት አይደለም። ባለፈው ወር ሰብስበውን «ሠራተኞቼ ስለ አመራሬ የሚሰማቸውን ሳይፈሩ ይጻፉ» ብለው ስላዘዙን ነው፤ እኔ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ።

በቅድሚያ ምስጋና። እምነት፣ ሐቀኝነትና የቡድን ሥራ የመሪም የድርጅትም መሠረት መሆናቸውን የሚያስረዳውን «እጅ ለእጅ ወደ ላይ» የተባለውን መጽሐፍዎን ያሰናዳሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ከእርስዎ ቀጥሎ ያነበብኩት ሰው እኔ ነኝ፤ ምናልባትም ቀድሜዎት ሊሆን ይችላል። ብዙ ተምሬበታለሁ። ይሁን እንጂ አእምሮዬ ደካማ ሆኖ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ያሉኝ ጥቂት ነገሮች ስላሉ፣ በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ እምነት። «ጥሩ መሪ በሠራተኞቹ ስለሚተማመን እያንዳንዱን ወረቀት ሲመረምር አይውልም» ብለዋል። እውነት ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ማንኛውም ሥራ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻው ፕሩፍ፣ ማለትም ለእርማት የሚወጣው የሙከራ ቅጂ፣ ለእርስዎ ይቀርብና አንብበው ከግርጌው «ይታተም» ብለው ይፈርማሉ። የማንበቡን ክፍል አይቼ አላውቅም። በአንድ እጅዎ ስልክ ይዘው በሌላው ይፈርማሉ። አንድ ቀን ቸኩዬ ወረቀቱን ገልብጬ ብሰጥዎ እንደተገለበጠ ፈርመውልኛል። እንደ እኛ የታመነ ሠራተኛ በየትም አገር ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሐቀኝነት። እዚህ ላይ ትንሽ ባረዝም ይቅርታዎ አይለየኝ። እኛ እትዬ ቀይ ብዕር የምንላቸውን አራሚያችንን መቼም አይረሷቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ማስመሪያቸውን ከመስመሩ ሥር እያስጠጉ፣ እያንዳንዱን ገጽ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዴ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ያነቡ ነበር፤ ዓይናቸው ሐሳቡን ተከትሎ እየሮጠ ስሕተቱን እንዳይዘለው። የልጆች ሳል መድኃኒት መግለጫ ወረቀት የመጣልን ጊዜ፣ «ግማሽ ማንኪያ» መሆን ያለበት «ሁለት ማንኪያ» ተብሎ መተየቡን ያገኙት እሳቸው ናቸው። የተየብኩት እኔ ነኝ። በቀይ ከበቡት፤ ከጎኑም «ሳይታረም እንዳይታተም፤ ልጅ ይጎዳል» ብለው ጻፉበት።

ያንን ወረቀት ይዤ ቢሮዎ ገባሁ። ቀዩ ምልክት ከበር ላይ ይታያል። እርማቱን አስገብቼ አዲስ ፕሩፍ እስካወጣ አንድ ሰዓት እንዲታገሡኝ ስለምንዎ፣ የስልኩን አፍ በእጅዎ ሸፍነው «ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ምን አንድ ሰዓት ትለኛለህ፤ እንዳለ አስገባው» አሉኝና ከቀዩ ጽሑፍ ሥር «ይታተም» ብለው ፈረሙ። እንዳለ አስገባሁት። ደግነቱ ወረቀቱ ሳይበተን የደንበኛው ፋርማሲስት ደረሰበትና በሙሉ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን አዳራሽ ሰበሰቡን። የተማመኑባቸው ሰዎች ጉድ እንደሠሩዎት ሲናገሩ ድምፅዎ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ልብ ይነካ ነበር። እትዬ ቀይ ብዕር ተነሥተው «ወረቀቱ ይምጣ» አሉ። ፋይሉ መጣ፤ ወረቀቱ ግን የለም። ፋይሉ ከዋዜማው ጀምሮ «ለማጣራት» በሚል የት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጠረጴዛዎ ላይ ነበር። እሳቸው «በከባድ ቸልተኝነት» ተብለው ተሰናበቱ። እርስዎም በመጽሐፍዎ ይህንኑ ታሪክ «አንድ ከባድ ውሳኔዬ» ብለው ከነእንባዎ ጽፈውታል፤ እንባዎን ገጹ መሐል ላይ ያስተካከልኩልዎ እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው። እውነቱን የማውቅ ሰው ሆኜ፣ ያን ዕለት የጫማዬን ክር ስመረምር ዋልኩ። የልጆቼን ትምህርት ቤት አሰብኩ፣ የቤቴን ኪራይ አሰብኩ፣ አፌን ዘጋሁ። እትዬ ዕቃቸውን ሰብስበው ሲወጡ በእኔ ጠረጴዛ በኩል አለፉና ያቺን ማስመሪያቸውን አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያ የስንብት ደብዳቤ እያለ ሌላ ማተሚያ ቤት አልቀበላቸው ስላለ ዛሬ ቤት ነው የሚውሉት። ልጃቸው እንደነገረችኝ የብስኩት መጠቅለያም፣ የመድኃኒት ወረቀትም፣ የውኃ ቢል እንኳ ሳይቀር እጃቸው የገባውን ሁሉ በቀይ እያረሙ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ፣ ክቡር ሆይ፣ እጠላዎታለሁ። በዚህ ሁሉ ትሕትና ውስጥ ሳይታይ እንዳይቀር ብዬ ነው በግልጽ የጻፍኩት።

አራተኛ፤ ስለ ቡድን ሥራ። ስለዚህኛው ምዕራፍ ያለኝ ምስጋና ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ምክርዎን በሥራ ላይ አውለነዋል። እንደሚያስታውሱት፣ ያስጻፉን አስተያየት በመጽሐፍዎ መጨረሻ «ሠራተኞቼ ስለ እኔ ምን ይላሉ» በሚል ርዕስ አራት ገጽ ተሰጥቶት እንዲገባ አዘዋል። አራቱ ገጾች እነዚህ ናቸው። እኔ አሰናዳኋቸው፤ በገቡልኝ ቃል መሠረት፣ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት ፕሌት ሠሪው አንብቦ የማተሚያውን ፕሌት ሠርቷል፤ በጠብ የሚታወቀው ማሽኒስታችን አንብቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጭቅጭቅ አትሟል፤ የጥረዛ ክፍል እናቶች አንብበው፣ አንዷም ገጽ እንዳትጎድል ቆጥረው፣ ክሩን ደርበው ሰፍተዋል። ያን ዕለት በአዳራሹ ያጎነበስን ሰዎች በሙሉ ነን። እንዲህ ያለ ኅብረት በቤታችን ታይቶ አይታወቅም፤ ያስተባበሩን እርስዎ ነዎት።

ደግሞም ከጀርባዎ አልሠራንም። ፕሩፉን ሳቀርብልዎ በዚህ ገጽ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፌ «እባክዎ ይህን ያንብቡት» ብዬ ጽፌበት ነበር። በስልክ እያወሩ ቢጫውን ወረቀት ነቀሉና የሚነገርዎትን ቁጥር ጻፉበት፤ ከዚያም «ይታተም» ብለው ፈረሙ፤ ከፊርማዎ በኋላ የጨመርኩት ይህን አንቀጽና ድኅረ ጽሑፉን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመጽሐፉ ምረቃ አዳራሽ ፊትዎ የተደረደሩት የተከበሩ እንግዶች መጽሐፍዎን ከኋላ ከፍተው ጸጥ ካሉ፣ እባክዎ ንግግርዎን አያቋርጡ፤ እያነበቡ ነው።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ የፈረመው ታዛዥዎ፣

የኮምፒውተሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ያረሙት እትዬ ቀይ ብዕር ናቸው፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ አንብበውታል። «ሌባ» የሚል ቃል ነበረበት፤ እርስዎ ወረቀቱን ከፋይሉ ሲያነሡ በዓይኑ ያየ ስለሌለ ይውጣ ብለው በቀይ ሰረዙት፤ ወጣ። ፊርማዎ ያረፈበት የዚህ መጽሐፍ ፕሩፍ ደግሞ በሦስት ቅጂ በሦስት ሰዎች ቤት ተቀምጧል፤ ፋይል ውስጥ ያለ ወረቀት እንደሚጠፋ ከእርስዎ ተምረናል። የእትዬን ስንብት የሚሽርና ስማቸውን የሚያጠራ አጭር ደብዳቤም ተይቤ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። የቀረው ፊርማዎ ብቻ ነው፤ እንደ ልማድዎ ሳያነቡ ቢፈርሙትም ቅር አይለንም።