ያላሸሁት ራስ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐርጌሳ

የአራት ወሩ የልጅ ልጄ ናሆም ራሱ ወደ ኋላ ሲረዝም፣ «በአባቱ ወጥቶ ነው፤ ቆብ በልኩ አይገኝለትም» እያልኩ ስቀልድ ከረምኩ። ዛሬ ሐኪሙ ዳበሰውና የራስ ቅሉ አጥንቶች ያለጊዜያቸው ገጥመዋል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል አለን።

ቤት ስንገባ እናቱ፣ ልጄ አልማዝ፣ ቅቤ አቀረበችልኝ።

«አባዬ፣ የሰፈራችንን የአያሃን ግንበኛ ሁሉ ወገብ የምታቃና ወጌሻ አይደለህ? እሱንም ቀስ ብለህ እሸው።»

«የወለቀ እመልሳለሁ። የገጠመ አጥንት ግን በማሸት አይከፈትም፤ ብጫነው እጎዳዋለሁ።»

«ለሌላው ሲሆን እጅህ አያርፍም!»

«ለዚህ ይረፍ» ብዬ ቅቤውን መላጣዬ ላይ ለቀለቅኩት። እያለቀሰች ሳቀች።

በጊዜ ከተሠራ አንጎሉ ሳይጨነቅ ያድጋል ብሎናል ሐኪሙ። አገር ቤት ጦርነት ነው። ሹፌሩ የናሆም አባት ግን ደውሎ በጅጅጋ በኩል መንገዱ ክፍት ነው አለ፤ ሰኞ እናትና ልጁን ይዞ ይሄዳል።

ናሆም አውራ ጣቴን ይዞ አልለቅም አለ። «ከአያሃ ሰው ከእጄ ያመለጥከው አንተ ብቻ ነህ» አልኩት። ሲመለስ ቆቡን በልኩ የምገዛለት እኔ ነኝ...