ደም ላልታየበት ራሴ ስለተሰጠው ውሳኔ ለአለቃዬ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዓለምነው ነጋ
የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊና የሥራ ላይ ጉዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ
እንጅባራ፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ ኮሚቴዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ፤ በተለይ ራስዎን ደህና አድርጎ ያቆይልን። እኔ የመዝገብ ቤቷ የወርቅውሃ፣ እርስዎ በስብሰባ ላይ «ደህናዋ በሽተኛ» ብለው የሰየሙኝ፣ ብርሃን ትንሽ ዓይኔን ከመውጋቱ በቀር ደህና ነኝ። ምስጋናዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ሌላው ሠራተኛ ከአመራርዎ እንዲማር ብዬ ነውና በድፍረት አይቁጠሩብኝ።

1. አስቀድሜ ስለ መደርደሪያው አመሰግናለሁ። እግሩ የላላው የፋይል መደርደሪያ እንዲጠገን ሦስት ጊዜ ባመለክት፣ ሦስቱንም ጊዜ ማመልከቻዬ ፋይል እንዲደረግ መሩልኝ። እኔም ትእዛዝዎን አክብሬ እዚያው መደርደሪያ ላይ ፋይል አደረግሁት። ግንቦት ላይ መደርደሪያው ከነማመልከቻዎቼ ራሴ ላይ ወደቀ። ለጥቂት ደቂቃ ራሴን ስቼ ስነቃ ባልደረባዬ ማናለብሽ እጄን ይዛ ትጠራኝ ነበር። ሆስፒታል ወስዳኝ ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንት አልተሰበረም ተባለ። እርስዎም ለዚህ መልካም ዜና ደስታዎን የገለጹት በማግስቱ ሥራ እንድገባ በማዘዝ ነበር።

2. ለአሥራ አንድ ዓመት የፋይሉን ቁጥር ሁሉ በቃሌ ስጠራ የኖርሁ ሴት፣ ከዚያ ወዲህ መዝገብ ላወጣ ሄጄ ምን እንደፈለግሁ ይጠፋኝ ጀመር። ራሴን ያመኛል፤ የማተሚያው ድምፅ እንኳ ያስበረግገኛል። በሰኔ አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ሹፌሩ ወዴት ነሽ ቢለኝ የሰፈሬ ስም ከአፌ ጠፋ። ደግነቱ ሹፌሩ ያውቀኝ ኖሮ ዝም ብሎ ቤቴ አደረሰኝ። እኔ ግን ደጄ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ የማብድ መስሎኝ ነበር። ይህንኑ ለኮሚቴዎ ጽፌ ለጥቂት ወራት ግማሽ ቀን እንድሠራ ብለምን፣ «ደም ያልታየበት ጉዳት ጉዳት አይባልም» ብለው ወሰኑ። በዕድሜዬ ሙሉ ያነበብሁት አጭሩ የሕክምና ትምህርት ይህ ነው። በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ፋይል ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

3. ለደም ያለዎትን ፍቅር በማየቴ፣ ጥቅምት ላይ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ሆስፒታሉ ውስጥ ደም ይወስዳሉ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ተሰለፍሁ። የመጡበት ጉዳይ አንጎል ቀለል ያለ ጉዳት ሲደርስበት ከሕዋሶቹ ሾልከው ደም ውስጥ የሚገቡ ነገሮች ከወራትና ከዓመታት በኋላም ይገኙ እንደሆነ ለማጥናት ነበር። ለማነጻጸሪያም ራሳቸውን ተመትተው የማያውቁ ሰዎች ይፈልጉ ነበርና፣ እርስዎ ሠራተኛውን ሁሉ አስከትለው መጥተው ደህና ሰው ምን እንደሚመስል እንድናይ ለዚህ ወገን ደም እንደሚሰጡ አስታወቁ። ስለ አርአያነትዎ ምን ብዬ ላመስግን!

የተመራማሪዎቹ ነርስ ቅጽ ይዛ ራስዎን ተመትተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች፤ በጭራሽ አሉ። ከፈረስ፣ ከዛፍ ወይም ከሞተር ወድቀው ያውቁ እንደሆነ ስትጠይቅዎ ግን፦

«ካቻምና በጥር ጉግስ ስንጫወት ፈረስ ጥሎኝ ነበር» አሉ። «ግን ደም አልወጣኝም።»

ነርሷ ልጅ ስለሆነች ቃለ ጉባኤያችንን አላነበበችም። ራስዎን ስተው እንደሆነ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የመርሳትና በትንሹ የመቆጣት ነገር ካለብዎት እያከታተለች ጠየቀችዎ። እርስዎም ድምፅዎን ዝቅ እያደረጉ፣ አለ፣ አለ፣ አለ እያሉ መለሱ፤ በመጨረሻው ላይ እኛም ከኋላ ሆነን ራሳችንን በአዎንታ መነቅነቃችንን ይቅር ይበሉን። ነርሷ ቅጽዎን ከደህናዎቹ ክምር አንሥታ ወደ እኛ ክምር አዛወረችው። ያን ጊዜ በቅሎ ራሳቸውን ረግጣቸው ከጥርባ የመጡት ሽማግሌ፣ አባ አበረ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ላይ ስፍራ ለቀቁልዎት።

«ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ» አሉዎት።

እርስዎም በመካከላችን ተቀመጡ። እውነቱን ልናገርና፣ ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ አዘንሁልዎት። እኔ በሰኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ የፈራሁትን እርስዎ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ለብቻዎ ሲፈሩት ኖረው ኖሯል።

4. የደሙን ነገር በተመለከተ፣ ከተመራማሪዎቹ አንዷ የሆነችው ዶክተር ትዕግስት ጥናቱ የብዙ ሰው ደም አንድ ላይ የሚታይበት እንጂ ለአንድ ሰው ፍርድ የሚሰጥበት ገና እንዳልሆነ በግልጽ ነገረችኝ። ይልቅስ ቃላት አስይዛ አስደገመችኝ፣ በቀጭን መስመር አስኬደችኝ፣ ዓይኔን መረመረችና እብደት ሳይሆን ጉዳት መሆኑን፣ አብዛኛው ሰውም በእረፍት እንደሚሻለው አስረዳችኝ። የሦስት ወር የግማሽ ቀን ሥራ ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት ባቀርብልዎ፣ አምስት ወር ያልተቻለውን ፊርማ ቆመው ፈረሙልኝ። በሩን ዘግተው ለራስ ምታቱ ምን እንደማደርግ የጠየቁኝን ግን፣ ሚስጥር ስለሆነ፣ እዚህ አልጽፈውም።

አሁን እየተሻለኝ ነው። የፋይሎቹ ቁጥር አንድ በአንድ እየተመለሰልኝ ነው፤ የኮሚቴዎም ውሳኔ ቁጥር አብሮ መጥቶልኛል።

ደም ያልታየባት ጉዳተኛ፣ የግማሽ ቀን አገልጋይዎና የአግዳሚ ወንበር ጎረቤትዎ፣
የወርቅውሃ እንየው

ማስታወሻ፦ ተመራማሪዎቹ ለሁለተኛው ደም የካቲት 9 ቀን ይመለሳሉ። ቀኑን ቢረሱት አይጨነቁ፤ ለነርሷ እሱም ራሱን የቻለ መልስ ነው።