ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው የሃምሳ አለቃ ጩዎል ዱዋል የሕይወት ታሪክ

ሃምሳ አለቃ ጩዎል ዱዋል ከአባታቸው ከአቶ ዱዋል ኩን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኛዳክ በ1933 ዓ.ም. ከኢታንግ በታች በባሮ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ አልገፉም፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ የእሳቸው ዓይን ወንዙ ላይ ከሚያልፈው የጀልባ ሞተር አይነቀልም ነበር ይባላል።

በ1952 ዓ.ም. በውትድርና ተቀጥረው በከባድ መኪና መካኒክነት ሠለጠኑ። በ1958 ዓ.ም. ለዕረፍት መጥተው ከወይዘሮ ኛኬር ጋር ጋብቻ መሠረቱ፤ በ1960 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸውን ጋችን፣ የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ወለዱ። ታላቅ ካገባ በኋላ የጥሎሽ ከብት ተራው የታናሽ ነውና፣ ቀጥሎ የሚያገቡት ወንድማቸው አቶ ኩን ነበሩ።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ደጉ ተነግሮ ክፉው ይዘለላል። ሃምሳ አለቃ ግን በመጨረሻ ቀናቸው የኩን ነገር እንዳይዘለል አዘዋል። ቃላቸው ነውና ይነበባል።

በየካቲት 1970 ዓ.ም. በጅግጅጋ ግንባር ቆሰሉ። በሚያዝያ ወር ለቤተሰቡ የደረሰው ደብዳቤ ግን ሞተዋል የሚል ነበር። ተለቀሰ፤ ቤተሰቡ ሐዘን ተቀመጠ። በኑዌር ደንብ ወንድም ሲሞት ቤቱን ይዞ በስሙ ልጅ መውለድ የወንድም ግዴታ ነው፤ የሚወለደውም የሟቹ ልጅ ይባላል። አቶ ኩንም የራሳቸውን ጋብቻ ትተው የወንድማቸውን ቤት ያዙ። ሕፃኗ ኛኪየር ከወይዘሮ ኛኬር የተወለደችው እንዲህ ነው።

በጥቅምት 1972 ዓ.ም. ሞቱ የተባሉት ሰው በክራንች እየተደገፉ መጡ። ሃያ ወር ሆስፒታል ተኝተው፣ ግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆርጦ ነበር። ደጃፉ ላይ ጡት ያልጣለች ሕፃን አገኙ። አንስተው አቀፏት፤ ልጄ ናት አሉ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከሌሎቹ ለይተዋት አያውቁም። ወንድማቸውን ግን አላናገሩም። ጥፋት እንዳልተሠራ ልባቸው ያውቅ ነበር። ሆድ ሲብስ ግን ደንብ አይሰማም።

በዚያው ዓመት በባሮ ላይ ተንሳፋፊ ወፍጮ መሥራት ጀመሩ። ነዳጅ በራሽን በመሆኑ የከተማው ወፍጮ የሚሠራበት ቀን ጥቂት ነበር፤ ሴቶቹ በቆሎ ሲወቅጡ መዳፋቸው ይላጥ ነበር። ነጋዴው አቶ ሳኒ ስድስት ባዶ በርሜል ሰጧቸው። አራቱን አስረው መንሳፈፊያ አደረጓቸው፤ ሁለቱን ቀደው ውሃ የሚገፋው መንኮራኩር ሠሩ፤ ከወዳደቀ ከባድ መኪና ዙር አስተላላፊውን ዲፈረንሻል ፈትተው መንኮራኩሩን ከወፍጮው ድንጋይ ጋር አገናኙበት። ሰው ሳቀ። አቶ ሳኒ እንኳ፣ ባሮ ዱቄት ከፈጨ ሱቄን ዘግቼ ዓሣ አጠምዳለሁ ብለው ነበር። የመጀመሪያው ወፍጮ ሐምሌ ላይ ሰጠመ። ሁለተኛው ፈጨ፤ አቶ ሳኒም ዓሣው የታለ እየተባሉ እስከ ዛሬ ይቀለድባቸዋል። በ1974 ዓ.ም. ኢታንግ ላይ ሌላ ወፍጮ ተክለው አሥራ አንድ ሠራተኛ ያስተዳድሩ ጀመር።

ይህን ሁሉ ብቻቸውን አልሠሩትም። በአንድ እግር ባሮ አይገባም፤ ጠልቀው መልሕቁን የሚያስሩት አቶ ኩን ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሁለት እርምጃ ተራርቀው ቆመው፣ ሃምሳ አለቃ ወደ ወይዘሮ ኛኬር ዞረው ገመዱን እንዲያጠብቅ ንገሪው ይላሉ፤ ወይዘሮ ኛኬርም ያንኑ ይደግማሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተኖረ። አያድርስ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የውትድርና ጥሪ ሲመጣ አቶ ኩን ማንም ሳይመርጣቸው ተመዘገቡ። በሚሄዱበት ጠዋት ወፍጮው ድረስ ወርደው ቆሙ። ሃምሳ አለቃ ግራሶ እየቀቡ ነበር፤ ቀና አላሉም። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጣ፤ የኛኪየርን ደህንነት ብቻ የሚጠይቅ። ከሰኔ 1976 ዓ.ም. ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ኩን በራሱ ስም ሳይወልድ ስሙ መጥፋት የለበትም፣ በስሙ ሚስት ትታጭለት ሲሉ፣ ሃምሳ አለቃ እኔም ሞተ ተብዬ ነበር እያሉ መለሷቸው። ልቅሶም ከለከሉ። ሰው ተስፋ መስሎት ነበር፤ ጸጸት ነበር። ኩን ሞተ ማለት ዕርቅ ቀረ ማለት ነውና፣ ያን ከአፋቸው ማውጣት አልቻሉም።

በሰኔ 1982 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጣላቸው። ሕክምና ቢደረግላቸውም አልተሻላቸውም። ነሐሴ 2 ቀን ቤተሰባቸውን አስጠርተው እንዲህ አሉ፦

«እኔ ሞትኩ ሲባል ኩን አንድ ቀን አላመነታም። እኔ ግን ይኸው ስድስት ዓመት አመነታሁ። ከብቱን ንዱለት፤ በስሙ ሚስት አግቡለት። ለኔ ስታለቅሱ ለሱም አልቅሱ።»

በኩን ስም ሚስት አግብቶ ለኩን የሚባል ልጅ የመውለዱ ግዴታ የሚወድቀው በበኩር ልጃቸው በጋች ላይ ነው፤ ተቀብሏል። ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ዘንድ እንደሚያነጋግር ይታወቃል፤ ለዛሬ ግን ሐዘኑ ይቅደም።

ሃምሳ አለቃ ጩዎል ዱዋል ነሐሴ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኛኬርን፣ ልጆቻቸውን ጋችን፣ ኛኪየርን፣ ኛቡዋይን እና ትንሹን ዱዋልን በሐዘን ትተው ሄደዋል።

ወገኖች ሆይ፣ እፊታችሁ ያለው ሳጥን አንድ ነው፤ የምታለቅሱት ግን ለሁለት ነው። እግዚአብሔር የሃምሳ አለቃ ጩዎልን ነፍስ፣ አካላቸው የት እንደወደቀ ካልታወቀው ከወንድማቸው ከኩን ነፍስ ጋር በአንድ ቤት ያሳርፍ። እዚያ እንኳ ያነጋግራቸው።